ባሏ የተቆረጠባት ኮሶ

ጡረታ የወጣሁት ችግኝ ጣቢያው ባዶ በሚሆንበት ሳምንት ነው። የክረምቱ ችግኝ በአይሱዙ ተጭኖ አልቋል፤ መደቦቹ ላይ የቀረው የተቀደደ ላስቲክና የፈሰሰ አፈር ብቻ ነው። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሰዎች የምስጋና ወረቀትና ጋቢ ሰጡኝ። ኃላፊው፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን ሰው፣ ተነሥቶ «ከዳባት እስከ ደባርቅ በወይዘሮ የሺ እጅ ያላለፈ አገር በቀል ዛፍ የለም» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔ ጋቢውን ታቅፌ መሬት መሬቱን አየሁ። በእጄ ካለፉት ዛፎች አንዱ ያለፈው በብዕር ነው። ስለ እሱ ማንም አልጠየቀኝም፤ ስለዚህ ሳልጠየቅ ልናገር።

ወደ ሥራው የገባሁት በቀን ሠራተኛነት ነው። ባሌ ሞቶብኝ፣ ሁለት ልጆች ይዤ ደባርቅ ወንድሜ ቤት ተጠግቼ ነበር። ችግኝ ጣቢያው ከከተማው በታች ወንዝ ዳር ነው። ሥራዬ የጫካ አፈር፣ አሸዋና የበሰበሰ ፍግ እየቀላቀሉ ላስቲክ መሙላት ነበር። ሲያዩት ማንም የሚችለው ይመስላል። ላስቲኩ ግን ከታች ጠበቅ፣ ከላይ ላላ ማለት አለበት። ከታች ከላላ ችግኙን ሲያነሡት አፈሩ ከነሥሩ ይዘረገፋል፤ ከላይ ከጠበቀ ውኃው አልወርድ ብሎ ያቁራል። በመጀመሪያው ሳምንት የሞላሁትን ፎርማኑ አንድ በአንድ እያነሡ በእጃቸው መዘኑና ግማሹን መልሰው ደፉት።

«ተናደድሽ?» አሉኝ።

«ኧረ አልተናደድኩም፣ አያ።»

«ተናደጂ እንጂ! ያልተናደደ ሰው ነገም እንዲሁ ነው የሚሞላው።»

እኒህ ሰው አያ ተሰማ ናቸው። ፊደል የቆጠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሌላውን የተማሩት ከዛፍ ነው። ብዙ ኪስ ያለው አሮጌ ካፖርት ነበራቸው፤ እያንዳንዱ ኪስ የአንድ ዛፍ ነው። በቀኝ ደረታቸው ወይራ፣ በግራው ጥድ፣ ከታች ውጨናና አምጃ፣ ከውስጥ ክትክታ። እጃቸውን ሰደድ አድርገው ሳያዩ ያወጣሉ፤ ተሳስተው አያውቁም። ካፖርቱን ሚስታቸው እንኳ እንዳያጥቡባቸው ይከለክሉ ነበር።

ዘር ሳይፈትሹ አይዘሩም። የወይራውን በጥርሳቸው ይሰብሩታል። እንደ ኮሶ ያለውን ደቃቁን በሁለት ጥፍራቸው መካከል ጨፍልቀው ምላሳቸው ላይ ያደርጉታል። ፍሬ ያለው ይረጥባል፣ ባዶው እንደ ገለባ ይንኮሻኮሻል። ከአንድ ከረጢት አሥር ቦታ ሳይሞክሩ መደብ ላይ አይበትኑም። እኛ ሴቶቹ በፀሐይ ቆመን ስንጠብቃቸው እናጉረመርም ነበር።

የኮሶን ነገር ያስተማሩኝ በሁለተኛው ዓመቴ ነው። ኮሶ ሴቴና ወንዴው ለየብቻ ናቸው። ሴቴዋ ቀይ ዘለላ ታወርዳለች፤ ሰው ለመድኃኒት የሚወጣባት እሷ ናት። ወንዴው አበባው ፈዘዝ ያለ ነው፣ ለመድኃኒት አይፈለግም፣ ፍሬም የለው። ነገር ግን የእሱን ዱቄት ነፋስ ካላደረሰላት እሷ የምታፈራው ገለባ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ግን ያው ዘለላ፣ ያው ፍሬ ይመስላል።

አያ ተሰማ ሴት ኮሶ ሲያገኙ አይነኳትም። መጀመሪያ ይዞራሉ። ክቡን እያሰፉ፣ ሸንተረሩን እየወጡ እየወረዱ፣ ወንዴውን እስኪያዩ ይዞራሉ። አንድ ጊዜ በደረስጌ በኩል ለዘር ወጥተን ከጧት ጀምሮ ዞረን እኩለ ቀን ላይ ገደል አፋፍ የተንጋደደ ወንዴ አገኘን። ባርኔጣቸውን አውልቀው «እንደምን ዋልክ፣ ጌታው?» አሉት። እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ባሏ ሳይታይ ዘር አይለቀምም፣ የሺ። ብትሞቺ እንዳትረሺው።»

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ እኔ ፎርማን ሆኜ ወደ ዳባት ተዛወርኩ። እዚያ ሦስት ኃላፊዎች ተፈራርቀውብኛል። አንዱ ከወንበሩ አይነሣም ነበር። አንዱ ደግ ነበር፣ ቶሎ አዛወሩት። ሦስተኛው ቁጥር ይወዳል፤ ቁጥር ደግሞ የሚበዛው በባሕር ዛፍ ነው። በገበሬውም አይፈረድም፤ ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ቤት ይሆናል፣ ኮሶን ግን የሚያየው የልጅ ልጅ ነው። እኔም ከባሕር ዛፉ ጎን አገር በቀሉን እንደ እንጀራ ልጅ አስጠግቼ አሳድግ ነበር።

በዚያ ዘመን አንዲት እንግዳ መጣች። የዛፍ ተመራማሪ ናት፤ አገሯ ሰላማዊ ውቅያኖስ ከሚባለው ትልቅ ባሕር መካከል ያለ ደሴት ነው። ወደ ፓርኩ ስታልፍ ጣቢያችንን ልታይ ገባች። የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ያስተረጉምልን ነበር። ጥዱንም ወይራውንም አይታ ራሷን ነቀነቀች። አጥር ሥር ያለው ክትክታ ዘንድ ስትደርስ ግን ቆመች። ቅጠሉን ቀጥፋ አሸችና አሸተተችው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ይሄ እናቴ ቤት ጀርባ አለ» አለች።

አስተርጓሚው የተሳሳተ መስሎን ነበር። ስልኳን አውጥታ አሳየችን። እውነትም ክትክታ ነው፤ ክንፍ ያለው ቀይ ፍሬው ሳይቀር የኛው ነው። እሳተ ገሞራ ባፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ላይ በቅሏል። ከፍሬው ለእንግዳ አንገት የሚጠለቅ ጉንጉን ይሠራሉ አለችን።

«እኛ ዘንድ ማገርና ማገዶ ነው» አልኳት። ሳቀች።

ከዚያ ሌላ ሌላውን አሳየችን። በዚያ ጥቁር ድንጋይ ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሚበቅል፣ አበባው እንደ እሳት የቀላ ዛፍ አላቸው፤ በበሽታ ቆሞ እየደረቀ ነው። ከውጭ የገባ ፍየልና አሳማ ቁጥቋጦውን ጨርሶታል። ገደል አፋፍ የሚበቅል፣ የኛ ጅብራ ዘመድ የሆነ ተክልም አላቸው። አበባውን ይጎበኝ የነበረው የእሳት ራት ስለጠፋ አበባው ሳይፀንስ ይረግፋል። ሰዎች በገመድ ተንጠልጥለው ወርደው ከአንዱ አበባ ዱቄቱን በቀለም ብሩሽ እየወሰዱ ሌላው ላይ ያኖሩለታል።

«ያንን ስናቆም እሱም ያልቃል» አለች። «ከሩቅ ስታዩት ጤነኛ ነው። ልጅ ግን የለውም።»

ሁላችንም ከንፈራችንን መጠጥን። እሷም ሄደች፣ እኛም ወደ አፈራችን ተመለስን። የሩቅ ሰው መከራ ነው ብዬ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ከዳባት በታች ቀጋ በር የምትባል መንደር አለች። ከመንደሯ በላይ ጎርፍ የቆረጠው ቦረቦር በየክረምቱ እየሰፋ ወደ ምንጯ ይወርድ ነበር። ዳርዳሩን ክትክታና ውጨና፣ አናቱን ኮሶ ልናለብሰው አቀድን። ለዚህ ዘር የምትሰጥ ሴት ኮሶ በቤተ ክርስቲያኗ ቅጥር ውስጥ አለች፤ ትልቅ፣ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፋት። ከቅጥሩ ውጪ ትንሽ ዝቅ ብሎ ወንዴው ቆሟል።

ሰበካ ጉባኤው የቤተልሔሙን ጣራ ሊሠራ ወንዴውን ለመቁረጥ ፈቃድ ጠየቀ። ኃላፊው እኔን ላከኝ። «ቶሎ ጨርሺላቸው» አለኝ። «እነሱ ካልተባበሩን ሕዝቡ ለቦረቦሩ ሥራ አይወጣም።»

ስደርስ ቄሰ ገበዙ ዛፉ ሥር ይጠብቁኝ ነበር። መስቀል ተሳልሜ ቀና አልኩ።

«ይሄ እንኳ አምናም ፍሬ የለው፣ ዘንድሮም ፍሬ የለው» አሉኝ። «አበባውም ለመድኃኒት አይሆን። ቆሞ ከሚበሰብስ ለቤተ እግዚአብሔር ቢሆን ምናለበት?»

ወንዴ መሆኑን አውቄያለሁ። አላወቅሁም ብል ውሸት ነው። ማዶ ሸንተረሩ ላይ በጉሙ ውስጥ የኮሶ ቅርጽ ያለው ዛፍ ታየኝ። «ያኛው ወንዴ ይሆናል» አልኩ በልቤ። ሄዶ ለማየት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ሾፌሩ ክላክስ እየነፋ ነው። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ «ያረጀ፣ ፍሬ የማይሰጥ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ሁለቱም ቃል እውነት ነው። የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው።

በሚቀጥለው ወቅት የሴቴዋን ዘለላ በእጄ ለቅሜ፣ አድርቄ፣ አሽቼ መደብ ላይ ዘራሁ። አልፈተሽኩትም። ዘሩን ራሴ ነኝ የለቀምኩት ብዬ ተማመንኩ፤ ሪፖርትም ደርሶብኝ ነበር። መደቡን የምታጠጣው ከደባርቅ ጣቢያ አብራኝ የመጣች ብርቄ የምትባል ሴት ናት፤ ዝምተኛ፣ እንደኔው ባሏ የሞተባት። ማጠጫውን ከፍ አድርጋ ውኃውን እንደ ካፊያ ነበር የምታወርደው።

ወር ሞላ፣ ምንም የለም። ሁለት ወር ሆነ፣ የበቀለው አረም ብቻ ነው። «ውኃ አብዝተሽ ነው» አልኳት። በሁለተኛው ዓመት ደግሜ ዘራሁ፤ ያው ሆነ። ኃላፊው የቀጋ በር ኮሶ የት ደረሰ ብሎ ጠየቀኝ። ስብሰባ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ «የአጠጪዋ ጥንቃቄ ጉድለት ነው» አልኩ። በጽሑፍም ሰጠሁ። ብርቄን አሰናበቷት።

የሄደችበትን ጧት አስታውሳለሁ። ማጠጫውን እንደ ወትሮው አጥባ ውኃው እንዲንጠፈጠፍ አፉን ደፋችው። «እሺ፣ እትዬ» ብላኝ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ነው አያ ተሰማ መታመማቸውን ሰምቼ ደባርቅ ልጠይቃቸው የሄድኩት። ዓይናቸው ፈዟል። ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ የሠራተኛውን ስንፍና አማረርኩ። ከተረፈው ዘር ጥቂት በወረቀት ጠቅልዬ ይዤ ነበር፤ በሽታ ይዞት እንደሆነ ይነግሩኛል ብዬ። ወረቀቱን ዘርግተው በዳበሳ አንዷን አነሡ። በጥፍራቸው ጨፈለቁ፣ ምላሳቸው ላይ አደረጉ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ።

«ባሏ የት ሄደ?» አሉኝ።

ወረቀቱን ተቀብዬ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት።

«የሺ፣ የሴትዮዋን ባል ምን አደረጋችሁት?»

«ተቆረጠ፣ አያ።»

«ማን ፈቀደ?»

«እኔ።»

«ዞርሽ?»

«አልዞርኩም።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «አስተምሬሽ ነበር ብዬ ነበር» አሉ። ሚስታቸው ያቀረቡልኝን ሻይ ሳልነካው ወጣሁ።

በማግስቱ ቀጋ በር ሄጄ ማዶ ያለውን ሸንተረር ወጣሁ። ያ በጉም ውስጥ ያየሁት ዛፍ ኮሶ ነው። ሴቴ ናት።

ሌላ ወንዴ በቅርብ የለም፤ ሁለት ቀን ዞሬ አረጋግጫለሁ። ያኔ የደሴቷ ሴት ብሩሽ ትዝ አለኝ። ኮሶ ሲያብብ ጠብቄ ፓርኩ ውስጥ ከጊች በታች ካለው ደን የወንዴ ዘለላ አስቆርጬ በበቅሎ አስወረድኩ። የመጀመሪያው ጊዜ ጉሙ አርሶት መንገድ ላይ ሻገተ። በሚቀጥለው ዓመት ዘለላውን በጋዜጣ ወረቀት እየለየሁ በሰፌድ ላይ አድርጌ አመጣሁት። ጤዛው ከደረቀ በኋላ መሰላል ተክዬ፣ በዚያ ዕድሜዬ፣ ወጣሁ። ዘለላውን ከሴቴዋ አበባ በላይ ዘቅዝቄ እያሰርኩ አራገፍኩት። ቢጫ ብናኙ ፊቴን ሞላው።

ቄሰ ገበዙ ከቅዳሴ ወጥተው ከታች ቆመው ያዩኛል።

«ምን እያደረግሽ ነው፣ ወይዘሮ የሺ?»

«እያጋባሁ ነው፣ አባ።»

«በጾመ ነቢያት?» አሉ። ፈገግ ያሉ መስሎኝ ነበር፤ ወርጄ የሆነውን ሁሉ ስነግራቸው ግን ጥምጥማቸውን አወለቁ። ቀና ብለው የቤተልሔሙን ጣራ አዩ። «እኛ ጠየቅን፣ አንቺ ፈቀድሽ። የሁለታችንም ዕዳ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ በወጣሁ ቁጥር መሰላሉን የሚይዙልኝ እሳቸው ነበሩ።

ከዚያ ሁሉ ድካም ዐሥራ ሰባት ችግኝ በቀለ። አያ ተሰማ ይህን አላዩም፤ ዘሩ መደብ ላይ እያለ አረፉ። ለቀብራቸው ስደርስ ሚስታቸው ካፖርቱን አጥበው ለድኃ ሰጥተውት ነበር።

ችግኞቹን ይዘን ቀጋ በር ስንደርስ የምንተክልበት አፈር አልነበረም። በባከኑት ዓመታት ቦረቦሩ ሁለት እጥፍ ሰፍቷል፤ በመጨረሻው ክረምት አንድ ሌሊት የወረደው ናዳ ምንጯን በድንጋይ ደፍኗታል። ዳርዳሩ ላይ የተከልነው ክትክታ ብቻ ጥርሱን ነክሶ ቆሟል። ሴቶቹ ውኃ ፍለጋ ሌላ ሸለቆ ይወርዳሉ። አንዳንዱ ቤቱን ዘግቶ ዳባት ገብቷል። ኮሶው በጊዜው ቢተከል ኖሮ ናዳው ይቆም ነበር ወይ ብዬ ያልጠየቅሁት ባለሙያ የለም። «ምናልባት» ይሉኛል። «ምናልባት፣ ምናልባትም አይሆንም።» ያንን ምናልባት ከትከሻዬ የሚያወርድልኝ ሰው አላገኘሁም።

ከዐሥራ ሰባቱ ዛሬ አራት አሉ። አንዱ ትከሻዬ ደርሷል። ወንዴ ይሁኑ ሴቴ እስኪያብቡ አይታወቅም። ትልቋ ኮሶ ግን ዛሬም በየዓመቱ በቀይ ዘለላ ትሸፈናለች፤ መንገደኛ ቆሞ ፎቶ ያነሣታል።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ነገር ቀረኝ። ብርቄ ድብ ባሕር ከተማ እንደምትኖር ሰው ነገረኝ፤ መኪና በሚቆምበት ሽንኩርትና ድንች ትሸጣለች አሉኝ። አውቶቡስ ተሳፍሬ ወረድኩ። ያለችበት አልጠፋኝም፤ ከጆንያዋ ጎን ተቀምጣ ሽንኩርት በአራት በአራት ትደረድራለች። አርጅታለች። አየችኝና ተነሣች፤ በርጩማዋን ለቀቀችልኝ።

«እትዬ የሺ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ልጆች ደኅና ናቸው?»

ሳልቀመጥ ተናገርኩ፤ ብቀመጥ የምናገር አልመሰለኝም። «ብርቄ፣ ጥፋቱ የኔ ነበር። ውኃ አላበዛሽም። ዘሩ ገለባ ነበር። ወንዴውን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። በሰው ፊት ያዋረድኩሽ በኔ ጥፋት ነው። ይቅር በይኝ ልልሽ ነው የመጣሁት።»

አንዲት ገዢ መጣች። ብርቄ ሽንኩርቱን በፌስታል አድርጋ ሰጥታ ሸኘቻት። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ገለባ መሆኑን አውቅ ነበር» አለች።

«መቼ?»

«ያኔ ነዋ። በመጀመሪያው ዓመት። ከመደቡ ላይ አንሥቼ በጥፍሬ ጨፍልቄ አየሁት። አያ ተሰማ ሲያደርጉ አይ አልነበር?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም።

«መጥቼ ነበር እኮ፣ እትዬ። ቢሮው በር ላይ ቆሜ 'ዘሩ ፍሬ የለውም' አልኩሽ። ትጽፊ ነበር። ቀና ሳትይ 'አንቺ ውኃሽን አጠጪ' አልሽኝ።»

ወደ ጎንደር የሚሄደው አውቶቡስ ደርሶ ሰው ተጋፋ። እሷም ሽንኩርቷን ይዛ ወደ መስኮቶቹ ሄደች። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ያንን ቀን፣ ያንን በር፣ ያንን ቃል ፈለግሁ። እስከ ዛሬ እፈልጋለሁ። አላስታውሰውም።